አንድ ጣሪያ ሥር የማያድሩት ቅጂዎች

ባለቤቴ በሆስፒታል የኮምፒውተር መረጃ ጠባቂ ናት። የምድር ቤቱ ማሽን የሕሙማኑን መረጃ በየሳምንቱ ሁለት የመረጃ ማስቀመጫ ቴፖች ላይ ይገለብጣል። አንዱን ቅጂ ምድር ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ሌላውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከተማውን አቋርጣ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን ታደርሰዋለች። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ይህ አመሏ ቤታችንም ገብቷል፤ ለሩቅ መንገድ እኔና እሷ አንድ አውቶቡስ አንሳፈርም፣ ለልጆቹ አንዳችን እንትረፍ ባይ ናት። እኔም ቅጂ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን የምድር ቤቱ ቧንቧ ፈነዳና ማሽኑንም ቁም ሳጥኑንም ውሃ በላቸው። የጨረር ሕክምና የሚወስዱት ሰዎች የጨረር መጠን የተመዘገበው እዚያ ነበር፤ መረጃው ካልተመለሰ ሕክምናቸው አይቀጥልም። ከነሱ አንዷ አማቴ ነበሩ፣ የገዛ እናቷ።

የመጋዘኑን ቴፕ በታክሲ ይዛ መጣች። አዲሱ ማሽን ተዘጋጅቷል፣ ሰው ሁሉ ከቧታል፤ እሷ ግን የቴፑን ሳጥን እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከብርድ የመጣ ቴፕ ሙቀት ሲነካው ያልበዋል፣ እንዲያ ሆኖ ማሽን ከገባ ይጣበቅና ይላጣል፣ እስከ ነገ ይረፍ አለች። አለቃዋ ለመናት፣ ቀጥሎ ተቆጣት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። አማቴን ለሕክምና አድርሼ እዚያው ነበርኩ፤ ደሜ ፈላና ኮሪደር ላይ ጠራኋት።

"እናትሽ እኮ ናቸው!"

"ለዚያ ነው የማልቸኩለው። ሌላ የለኝም" አለችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ተናድጄባት አላውቅም።

ለአማቴ ስነግራቸው ሳቁ። "ተዋት ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስትወለድም አዘግይታኝ ነበር፤ ግን በደህና መጣች።"

በማግስቱ ቴፑ ገባ። የሕሙማኑ ስም አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ የእናቷን ስም እንኳ አልፈለገችም፤ መጀመሪያ አዲስ ቅጂ ገልብጣ ሳጥን ውስጥ ከተተችና እጄ ላይ አኖረችው። መጋዘኑ ሳይዘጋ እንድደርስ ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችው።

ስቀልድበት የኖርኩትን ሳጥን ደረቴ ላይ አቅፌ ታክሲ ገባሁ። ጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አስተቃቀፌን አይተው ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ።

"አማቴን" አልኳቸው።