ቦነስ እስኪመጣ

በዳላስ ኤርፖርት የሠራተኞች ሻትል ላይ አንድ ባልደረባችን ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣል። ጃኬቱ ሲተኛበት ያደረ ይመስላል፤ ስልኩን ግን በመሐረብ ይወለውላል። በክሬዲት ካርዱ ሲገዛ የተጠራቀመለትን ፖይንት ወደ አየር መንገድ አዛውሮ ትኬት የሚቆርጠው ቦነስ፣ ማለት ለሚያዛውር ሰው የሚጨመር ምርቃት፣ ሲመጣ ብቻ ነው። «አንዴ ትራንስፈር ካደረግህ አይመለስም» ይላል፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ።

አብራን የምትሠራው ሰርካዲስ በየቀኑ «እናትህ አገር ቤት አልጋ ይዘዋል፤ ዛሬውኑ አዛውርና ሂድ» ትለው ነበር።

«ሃያ ፐርሰንት ቦነስ ጥዬ?» ብሎ ይስቅባታል።

እናቱ ማረፋቸውን ዛሬ ከእሱ በቀር ሁላችንም ሰምተናል። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ማለዳ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ ቤቱ ሄደው ያረዱታል።

ስልኩን ወደ ሰርካዲስ አዞረ። «ቦነሱ እስኪመጣ፣ እስከ ሰኞ ልጠብቅ?»

«ጠብቅ» አለችው መስኮት መስኮቱን እያየች። «ምን ያስቸኩልሃል።»

«አሁን ገና ገባሽ» አላት ደስ ብሎት።