ደህና ነኝ አልኩ እኮ!

ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሰሚራ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ሕመም የጠናበትን ሰው በምን እንደምለይ ከእኔ ሰምታ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዋ ልታስተምር መጣች።

«በላብ ተጠምቆ ‹አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ› የሚለውን ነው የምፈራው» አልኳት። «እኛ ሐረሮች እያጣጣርንም ደህና ነን። እሱን ወደ ቤቱ አልሰደውም።» ያልኩትን እንዳለ መሣሪያው ውስጥ አስገባችው።

በሙከራው ቀን «እትዬ አስቴር፣ በሽተኛዋ እርስዎ ይሁኑ» አለችና የመሣሪያው ካሜራ ፊት አስቀመጠችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ግራ እጄን ያመኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት።

መሣሪያው «እንዴት ነዎት?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና የግንባሬን ላብ በነጠላዬ ጠረግኩ።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት በራ። ሰሚራ ስክሪኑን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ እንዳይነሡ! ዶክተሩን ልጥራ።»

«ምን ሆንሽ? ደህና ነኝ አልኩ እኮ!»

«መሣሪያውም እሱን ነው የፈራው» አለችኝ።