ከእሳቱ ዳር የማይነሱ ሴቶች

ባሌ ሞቶ መዶሻውን ሳነሳ አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ሴት አንጥረኛ በይጁቤ ታይታ አታውቅም። «ሴት ብር ከቀጠቀጠች እንግዲህ ወንዱ ጥጥ ሊፈትል ነው» ይሉኝ ነበር። ጣልያን ገብቶ «ጠገራ ብር አምጡ» ማለት ሲጀምር ግን በሬን ያንኳኩት እነዚያው ሳቂዎች ናቸው። ጠገራ ደብቆ የተገኘ ደብረ ማርቆስ ተወስዶ ይታሰራል። አልቦ ሆኖ እግር ላይ ከዋለ ግን ማን ይነካዋል? «አቅልጪልን» አሉኝ።

እኔ የምፈራው ለልጄ ነው። ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ወናፍ የምትነፋልኝም እሷው ናት። ከተያዝን አብራኝ መወሰዷ ነው። «ብሩን ስጡኝና ሂዱ፤ ሲያልቅ እልክላችኋለሁ» ብዬ ለመንኳቸው።

ማን ሰምቶኝ! በኛ አገር ብሩን የሰጠ ሰው ጌጡ እስኪያልቅ ከእሳቱ ዳር አይነሳም። አንጥረኛ መዳብ ይቀላቅላል ይባላላ። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ እየተከተለች ቤቴ ተዝካር ቤት መሰለ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለጣልያን ያደረው ባንዳ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው!» ስላቸው፣ ጎረቤቴ «ይለፋ! እኔ ዓይኔን ከብሬ አላነሳም» አለችኝ። አንጥረኛ ቡዳ ነው ብላ ከቤቴ ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ለመቀመጥ ግን ማን ቀድሟት።

አንድ ረፋድ ባንዳው ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ተገተረ። የጎረቤቴ ብር እሳቱ ላይ ቀልጦ ያብረቀርቃል። ልጄ ወናፉን ለቀቀችው።

«የምን ስብሰባ ነው?» አለ።

ዞር ዞር ብሎ አየና ከኪሱ ጠገራ አወጣ። «ለሙሽራዬ አልቦ ሥሪልኝ።»

«እሺ ጌታዬ፤ ያስቀምጡትና ነገ...»

«ልትቀላቅይብኝ? የትም አልሄድም!» ጎረቤቴን «ጠጋ በይ» ብሎ ከመሃላቸው ቁጭ አለ።

ምን አደርጋለሁ፣ የጎረቤቴን ብር ከእሳቱ አውርጄ የሱን አስቀደምኩ። ቀጥቅጬ ጨረስኩ። አልቦውን አገላብጦ «ቀለለኝ፤ መዳብ አለበት» ሲል፣ ተራዋን የተቀማችው ጎረቤቴ ብድግ አለች።

«የምን መዳብ! ዓይናችንን ተክለን አይደል የዋልነው? ከዚች ሴት እጅ መዳብ አይወጣም። ይልቅስ ጌቶችህ ጠገራህን እዚህ እንዳቀለጥክ ያውቃሉ?»

ባንዳው አልቦውን በጋቢው ሸሽጎ ወጣ። እሱም ካቀለጠ ወዲያ ማንን ይጠቁማል?

መዶሻዬን አስቀምጬ «በሉ፣ ካመናችሁኝ አሁን ወደየቤታችሁ» አልኳቸው።

ጎረቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ ተመልሳ ተቀመጠች።

«የኔ መች አለቀና?» አለች። ልጄም ወናፉን አነሳች።