የኢዮብን ፔዳል ይዘን ከቤቴል እስከ አስኮ

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አስኮን በስም እንጂ በእግሬ አላውቃትም ነበር። የሚስቅ ይሳቅ። ቤቴልም አስኮም አንድ ከተማ ውስጥ፣ ያውም በአንድ አቅጣጫ ናቸው። ግን ሰው ጉዳይ ከሌለው የማያውቀው ሰፈር ምን ይወስደዋል? እኔን የወሰደኝ የታናሽ ወንድሜ የኢዮብ ፔዳል ነው።

መጀመሪያ ከፔዳሉ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ከጫማ ካርቶን ያነሰ፣ ሲያነሱት ግን እንደ ብሎኬት የሚከብድ የብረት ሳጥን ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ከጊታሩና ከድምፅ ማጉያው መሀል ይሰካውና በእግሩ እየረገጠ ያዘዋል። ኮምፕሬሰር ይሉታል። ሆዱ ውስጥ እንደ ድሮ ራዲዮ አምፖል ቀስ ብላ የምትሞቅ አንዲት የመስታወት ቲዩብ አለች። ውድ ያደረገችውም እሷ ናት። ሠሪዎቹ ጥቂት ሠርተው ትተውታል፤ አሁን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ይላል ኢዮብ።

"ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የጮኸውን ዝቅ፣ የደከመውን ከፍ ያደርግና ያስተካክለዋል።"

እናቴ ከጓዳ ሆና "ከፍም ዝቅም ካደረገ ዞሮ ዞሮ ምንም አላደረገማ!" አለች።

ኢዮብ በሰርግ ባንድ ቤዝ ይጫወት ነበር። ሚስቱ ሀና ስታረግዝ ግን "ሰርግ ሲኖር በልተን ሰርግ ሲጠፋ ጾመን ልጅ ማሳደግ አይቻልም" አለና የታክሲ ሹፌር ለመሆን ቆረጠ። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱን የሚከፍልበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የነበረው ፔዳሉ ነው። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጥፎ ሁለት ጊዜ ገዢ መጥቶለታል። ሁለቱንም ጊዜ "ቆይ ላሰማችሁ" ብሎ ይሰካውና ይጫወታል፣ ይጫወታል፣ ከዚያ "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ" ብሎ ታቅፎት ይመለሳል። ሀና ሰባት ወሯ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ከአስኮ ገዢ ሲደውል ስልኩን ከእጁ ቀምታ ለእኔ ሰጠችኝ።

"አንቺ ሽጪልኝ፣ ሰኒዬ" አለኝ ኢዮብም አንገቱን ደፍቶ። "አንቺ ስለሙዚቃ ምንም ስለማታውቂ አያሳዝንሽም።"

"ይሄ ልመና ነው ስድብ?"

"ከአርባ ሺህ ብር በታች እንዳትሰጪው ብቻ።"

እናቴ ይሄን ስትሰማ ነጠላዋን አነሳች። እኛን ያሳደገችን አጠና ተራ ሽንኩርት እየሸጠች ነው። "ይቺማ ሰው ሳይጠይቃት ነው ዋጋ የምትቀንሰው! እኔም እሄዳለሁ" አለች። ማን ይከለክላታል?

ቤቴል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ሀና ፔዳሉ እንዳይጋጭ ብላ ለሚወለደው ልጅ በገዛችው ለስላሳ ብርድ ልብስ ጠቀለለችልን። እናቴ ደረቷ ላይ አቀፈችው። እስከ አየር ጤና በሰላም ደረስን። ከአየር ጤና ወደ ዊንጌት የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጥን ግን ከፊታችን ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ "ውይ፣ እማማ፣ ፊቱን ገለጥ ያድርጉለት እንጂ፣ ይታፈናል" አለች።

"አይታፈንም፣ ብረት ነው" አለች እናቴ።

ታክሲው በሙሉ ዞረ። እናቴ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገልጣ አሳየቻቸው። ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና "ማዘር፣ ይሄማ ዕቃ ነው፣ ሂሳብ አለው" አለ።

"ልጅ ቢሆን ታስከፍለኝ ነበር?"

"ልጅማ ጭን ላይ ነፃ ነው።"

"ይሄስ የት ነው ያለው?"

ረዳቱ ጭኗን አየ፣ ፔዳሉን አየ። ከኋላ አንድ ሰውዬ "ተው አንተ፣ ክርስትና ሳይነሳ ሂሳብ ትጠይቃለህ?" ሲል ተሳቀበት። እናቴ ግን ጴንጤ ናትና "እኛ ጋ ሕፃን አይጠመቅም፣ ሲያድግ ነው" ብላ ማስረዳት ጀመረች። አስራ ስምንት ማዞሪያ እስክንደርስ አላቋረጠችም። ሂሳቡም በዚያው ተረሳ።

ቀለበት መንገዱ በከፊል ተቆፍሮ ነበር። መኪናው አቧራ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁሉም መስኮቱን ይዘጋል፣ አቧራው ሲያልቅ ሁሉም ይከፍታል። በግራ በኩል የአጠና ክምር፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ ገና ያላለቀ ሕንፃ ያልፋል። ዊንጌት ወርደን ከመንገድ ዳር ትኩስ ሳምቡሳ በላን። ምስሩ በርበሬ በዝቶበት እናቴ አይኗ ዕንባ እስኪያቀርር "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" እያለች ሁለተኛውን ጨረሰች። ከዚያ የአስኮን ታክሲ ያዝን።

አስኮ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ገዢያችን ጋሽ ደምሴ ፌርማታው ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። በወጣትነታቸው ሆቴል ቤት ቤዝ ተጫውተዋል፤ በኋላ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸጡ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል። በቀጭን መንገድ ይዘውን ሲሄዱ እንኳን ዓይናቸው ከእናቴ ብርድ ልብስ ላይ አልተነሳም። ቤታቸው ደርሰን ጊታሩና ማጉያው ተዘጋጅቶ ስናየው ደስ አለን። ግን መብራት የለም።

"አሁን ይመጣል" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ከትናንት ጀምሮ አሁን ይመጣል እያለ ነው" አሉ ባለቤታቸው እትዬ አበራሽ፤ ለእኛም ምሳ ሊያቀርቡ ገቡ።

እናቴ ነገሩ ከበዳት። "ሽንኩርት ስሸጥ መብራት ይምጣና ልቅመሰው ያለኝ ሰው የለም" አለች። ሽሮ በላን፣ ሻይ ጠጣን። እትዬ አበራሽና እናቴ ስለ ጉልበት ሕመም ተግባቡ። እኔ ስለ ኢዮብና ስለ ሀና እርግዝና ልተርክ አፌን ስከፍት እናቴ በጠረጴዛው ስር ረገጠችኝ። ችግርን ለገዢ መናገር ዋጋ መቀነስ ነው፣ በእሷ ሕግ።

ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ፍሪጁ ተንቀጠቀጠና የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ጮኹ። ጋሽ ደምሴ እየተጣደፉ ሰኩ። በፔዳሉ ትንሽ መስኮት ቲዩቧ ቀስ እያለች ብርቱካን መሰለች። ጊታሩን መቱት። ጸጥ። እንደገና መቱት። ጸጥ። እናቴ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ መጸለይ ጀመረች። እኔ ለኢዮብ ደውዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ የጊታሩ ገመድ በቀኝ በኩል ነው የሚገባው" አለ ኢዮብ።

"በእኛ ጊዜ ቀጥታ ማጉያው ላይ ነበር የምንሰካው፣ ሳጥን የሚባል አላውቅም" አሉ ጋሽ ደምሴ አፍረው። አዟዟሩት። ድም አለ፤ የውሃ ብርጭቆው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ደምሴ ፔዳሉን አንዴ ረግጠው፣ አንዴ ለቀው ተጫወቱ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "በፊትም ድም፣ አሁንም ድም። ይህቺን እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ግን ጋሽ ደምሴም ፊታቸው አልፈካም። ጊታሩን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

"አትቀየሚኝ ልጄ። እኔ የፈለግኩት ይሄን አይደለም።"

ሀና ታየችኝ። "እንዴት ጋሼ? ፎቶውን አይተው አይደል የደወሉት?"

"ሳጥኑማ እሱው ነው። አምና በእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ እግር ስር ነበረ። የዚያን ቀን ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ በእግሬ ነው የገባው። ስሙን ከሳጥኑ ላይ አንብቤ ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስፈልገው ነው የኖርኩት። ይሄ ግን… ይሄ የራሴው የድሮ ድም ድም ነው።"

"ሙሽራዋን እንኳ ዞር ብሎ አላያትም!" አሉ እትዬ አበራሽ ወደ ባላቸው እየጠቆሙ። "ያንን ሲጫወት አንገቱን እንደ ዶሮ የሚሰብቅ ቀጭን ልጅ ሲያይ አመሸ።"

እናቴ ብድግ አለች። "ይሄማ የእኔ ልጅ ነው! ኢዮቤ፣ ሰማህ? ዶሮ ብለውሃል!"

እኔ ሳጥኑን ገልብጬ አየሁት፤ ያ ሰርግ ውስጡ የለም።

እናቴ ግን ገበያ ላይ ነች። ከእሷ ሽንኩርት የገዛ ሰው ሚዛኑ ከተነሳ በኋላ ሁለት ሦስት ራስ ምርቃት ሳይጨመርለት ሄዶ አያውቅም። ያለ ምርቃት ሽያጭ እሷ ዘንድ ያላለቀ ሽያጭ ነው።

"እንግዲህ ጋሽ ደምሴ" አለች ተመልሳ ተቀምጣ፣ "ሳጥኑ አርባ ሺህ ነው፣ አይቀንስም። ልጁን ምርቃት ጨምሬልዎታለሁ።"

"የቱን ልጅ?"

"ዶሮውን። ቅዳሜ እየመጣ እንዴት እንደሚጫወቱበት ያሳይዎታል።"

"እማ!" አልኩ እኔ። "እማ!" አለ ስልኩም።

"ዝም በል፣ ሸጬሃለሁ" አለችው።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። "ስንት ቅዳሜ?"

"ሁለት።"

"አምስት ይሁንልኝ።"

"ሦስት፤ ምሳ ካበላችሁት።"

"ምሳው በእኔ ይሁን" አሉ እትዬ አበራሽ ከበሩ ላይ፣ እና አለቀ። ጋሽ ደምሴ ገንዘቡን በስልካቸው ላኩ። እናቴ ግን የባንኩ መልእክት እኔ ጋ እስኪገባ ድረስ አንድ እጇን ከፔዳሉ ላይ አላነሳችም። ብርድ ልብሱንም አልሰጠችም።

ተመልሰን ቤቴል፣ ሲመሽ

በመልሱ መንገድ እናቴ ባዶውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔ አስብ ነበር። ኢዮብ "ምንም ስለማታውቂ አያሳዝንሽም" ያለኝ ልክ አልነበረም፤ ባላውቅም አሳዝኖኛል። እናቴን ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ዋጋ የምትቆጥር ሴት አድርጌ ነበር የማያት። እዚያች ክፍል ውስጥ ሰውየው ምን እንደፈለጉ ቀድሞ የገባት ግን ድምፁን እንኳ ያልለየችው እሷ ናት።

ኢዮብ በር ላይ ጠበቀን። ስለ ገንዘቡ አልጠየቀም።

"በእግሬ ነው የገባው አሉ? እንደዛ ነው ያሉት?"

"እንደዛ ነው።"

"ሌላስ ምን አሉ?"

እራት እስኪቀርብ ሦስት ጊዜ አስተረከኝ፤ እኔም መተረክ አይደክመኝም። ሀና ብርድ ልብሱን አራግፋ አጠፈችው።

ኢዮብ በመጀመሪያው ቅዳሜ አስኮ ሄደ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሄደ። ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ መንጃ ፈቃዱን በሁለተኛው ፈተና አገኘና ታክሲ መንዳት ጀመረ። አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት ስልኩን ያጠፋል፣ መኪናውን ጋሽ ደምሴ በር ላይ ያቆማል፣ ገብቶ እስኪመሽ ቤዝ ይጫወታል።