ቀልቤ የሸሸበት ክረምት

ሴት ልጄን ኩፍኝ የወሰደብኝ ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሲል ነበር። ሰፈራችን ካለው ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። ቤታችን ከአጥሩ በታች ስለነበር ደጃፌ ላይ ስቆም የመቃብሩ ዛፎች ይታዩኛል። ባለቤቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፤ ሐዘኑን ሳይጨርስ መንገድ ጠራው። እሱ በሊማሊሞ ወርዶ በአዲ አርቃይ በኩል አሥመራ ደርሶ እስኪመለስ፣ እኔ ገና መዳህ ከጀመረው ወንድ ልጄና ከአማቴ ጋር እቀራለሁ።

ከአማቴ ጋር ብዙም አንዋደድም ነበር። «እሜቴ» እላቸዋለሁ፣ «አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ ከዚያ ያለፈ ጨዋታ አልነበረንም። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ፣ ሌላ ይተካልሽ» ሲለኝ እሳቸው ምንም አላሉኝም። ልባቸው ደንዳና ነው ብዬ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ቀልቤ ሸሸ። ወጡ ላይ ጨው ጨምሬ እንደገና እጨምራለሁ። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ እንስራ አዝዬ እመለሳለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይደርሰኝም። ጎረቤቶቼ ጠበል እንድጠመቅ መከሩኝ፤ ተጠመቅሁ። ውሃው መብረዱን እንኳ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ስንቀጠቀጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ልጄ ወደ ፍሙ ሲድህ እያየሁት ነበር። ዓይኔ ያያል፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። አማቴ ከመደቡ ተስፈንጥረው ከእሳቱ አፋፍ መንጭቀው አነሡት። የተለበለበው የጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር። ያባነነኝ ጩኸቱ ነው።

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ልጁን አባብለው፣ ጣቱን ቅቤ ቀብተው ካስተኙት በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቅስም እሜቴ።»

«ትሠሪያለሽ?»

ጥግ ያለውን ባዶ እንስራ አየሁ።

«የሚያለቅስ ያልቅስ፣ የሚሠራም ይሥራ። አንቺ ከሁለቱም የለሽበትም። እንዲህ ሆነሽ ይሄን ልጅ አታሳድጊውም።»

የተባዘተ ጥጥና እንዝርት ሰጡኝ። መፍተል ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ እሳቸው የፈለጉት ግን ሌላ ነበር። አጠገቤ ተቀምጠው የራሳቸውን እየፈተሉ፣ ክሬ በተበጠሰ ቁጥር ቀና ሳይሉ ይጠይቁኛል።

«የት ሄደሽ ነበር?»

«መቃብሯ ጋ።»

«ደርሰሽ መጣሽ?»

«አዎ።»

«በይ ቀጥዪ።»

ይኸው ነው። ተግሣጽ የለ፣ ምክር የለ። አንዳንዴ የሄድሁት መቃብር ሳይሆን፣ ማኪናው ገደል ወደሚገባበት ወይም ወንዱም ልጄ ወደሚታመምበት ቀን ነበር። እሱንም እነግራቸዋለሁ። «እሱ ገና አልመጣም፤ በይ ቀጥዪ» ይሉኛል። እያደር መሄዴን ክሩ ሳይበጠስ ማወቅ ጀመርሁ፤ በጣቶቼ መሃል ሲሳሳ ይሰማኝና እመለሳለሁ። ኋላም ውሃ ስቀዳ፣ ልጁን ሳጥብ፣ ራሴን «የት ነሽ?» እላለሁ።

ፈትሉ ሸጋ ነገር ብቻ አመጣልኝ ብል እዋሻለሁ። ቀልቤ ሲመለስ ሐዘኑም አብሮ መጣ። ያን ጊዜ ድረስ እንደ ጉም ከቦኝ የነበረው አሁን እንደ እሾህ ቦታውን ያዘ። አንድ ጠዋት የሴት ልጄን ቀሚስ ሳጥፍ ቀሚሱን አየሁት፤ ክርኑ ላይ የጣፍሁትን አየሁ። ከቀብሯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ። አማቴ እንዝርታቸውን አስቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ልጁን ለጎረቤት ትተን ልብስ ልናጥብ ቀሃ ወንዝ ወረድን። ውሃው ደፍርሶ ሞልቷል። ጋቢ እየጨመቅሁ ቀና ስል አማቴ እስከ ጉልበታቸው ገብተዋል። ያጥቡት የነበረውን ነጠላ ወንዙ እየወሰደው ነው፤ አላዩትም። ማዶ አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው በቅሎ ያጠጣል፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። እንደገና ተራመዱ። ውሃው ወደ ወገባቸው ቀረበ።

ብጮህ አልሰሙኝም። ገብቼ ክንዳቸውን ያዝሁ።

«እሜቴ፣ የት ሄዱ?»

ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። «ልጄ ጋ።»

«ደርሰው መጡ?»

«አልደረስሁም» አሉ።

ጎትቼ ዳር አወጣኋቸው። ሰውየው በቅሎውን እየሳበ ሲያልፍ ፊቱን አየነው፤ የማናውቀው ሰው ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በጣሊያን ጊዜ ዱር እንደገባ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለ፣ አለ ያለ የለ። ባለቤቴ ወንድም እንደነበረው እንኳ አንሥቶልኝ አያውቅም።

«አንቺ መቃብር አለሽ፤ ሄደሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። «እኔ ስሄድ የምደርስበት የለኝም። እንዝርት የያዝሁት ለዚህ ነው፤ እጄ ካለበት እንድቆይ።»

እስኪወጣላቸው አለቀሱ፤ እኔም ካጠገባቸው አልተነሣሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርዱ ደረታቸው ገባ። ሐኪም ቤት መርፌ ተወጉ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በበሩ ገብታ፣ እግራቸውን በለብ ያለ ውሃ አጥብ ነበር። የተረከዛቸው ስንጥቅ ጣቴን ይቧጥጠኛል። «ውሃው ሸጋ ነው» አሉ። ትንፋሻቸው ረዘመ፤ ቆመ፤ እንደገና መጣ፤ ከዚያ ቀረ። እጄ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር።

ባለቤቴ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። የመንገዱ አቧራ ፊቱ ላይ እንዳለ ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት አረፈች?» አለኝ።

ነገርሁት። ማታ ምን እንደቀመሱ፣ ጠዋት በየትኛው ጎናቸው እንደተኙ፣ ምን እንዳሉ፣ ዓይናቸው ወዴት እንደነበር፤ ያየሁትን አንዱንም አላስቀረሁበትም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ቀና አለ።

«ድገሚልኝ» አለ።

ከመጀመሪያው ጀመርሁ።