በጋቢ የተጠቀለለው ኬክ

ፋሲሎ ክፍለ ከተማ በግንቦት ልጅ የወለደ ሰው ሁሉ የሺአረግን ያውቃታል። በዚያ ሙቀት የኬክ ቤት ኬክ ማን ይበላል? ክሬሙ ሻማ ሳይበራ ይቀልጣል። የሷ ግን የአይስክሬም ኬክ ነው። እሱም ይቀልጣል፤ ግን ቀልጦም ልጆቹ ሳህኑን ይልሱታል።

ኬኩን የምታቀዘቅዝበት ፍሪዘር የኔ ነው። አገርነሽ እባላለሁ፤ ግቢያችን በር ላይ ለስላሳና ውሃ እሸጣለሁ። እሷ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖር። ለስላሳዬን እያወጣች ኬኳን ስታስገባ ስንቴ ተጨቃጭቀናል! «የሰው ንብረት ነው እኮ!» ስላት «እታለም፣ ለዛሬ ብቻ» ትለኛለች። ለዛሬ ብቻ ስትል ይኸው ስንት ዓመቷ። ጠብ ደግሞ አታውቅም፤ እሷን መቆጣት ግድግዳ መቆጣት ነው።

ሥራዋን ግን አይቼ አፌን ይዣለሁ። ማንጎውን ትጨምቅና በወንፊት ታጠልለዋለች፤ አንዲት ክር አታሳልፍም። ክሬሙን በረዶ ላይ ባስቀመጠችው ጎድጓዳ ሳህን ትመታለች፤ ማንጎውንና የጣሳ ወተት ትጨምርበትና ቀድማ በጋገረቻቸው ስስ ኬኮች መሀል ታፈሰዋለች። ከዚያ ወደ ፍሪዘር። መብራት ሲጠፋ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ነጋዴዎች ዘንድ በረዶ ታመጣለች፤ ጨው ነስንሳበት ኬኩን ከነመጋገሪያው በጋቢ ትጠቀልለዋለች። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ «ሴትዮ፣ አበድሽ? በረዶውን በረደው?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። በነጋታው ጋቢውን ስትፈታው ኬኩ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ወጣ።

አሁን ደግሞ አንጀቴን የሚያሳርረውን ልንገራችሁ። የሺአረግ ልጅ አላት። ዜማ ትባላለች። በወረቀት የታላቅ እህቷ የማህሌት ልጅ ናት፤ የወለደቻት ግን የሺ ናት። ያኔ የሺ ራሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ፋብሪካ ተቀጥራ ስትሠራ ያስረገዛት ሰው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። ማህሌት ደግሞ ትዳር ይዛለች፤ ባሏ ጌትነት የኮሌጅ መምህር ነው፤ ቤታቸው ሙሉ ሆኖ ልጅ ብቻ አጡ። እናታቸው መሀል ገቡና «ልጅቷ ከቤታችን አትወጣም፣ ለእህትሽ ስጫት» ብለው ሕፃኗን ከአንዷ እቅፍ ወደ ሌላዋ አሻገሯት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት እንነግራታለን ተባብለው ተማማሉ። እስከዚያ የሺ አክስት ናት። አክስት! ይኸን ቃል ስሰማ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሕፃኗ አንድ ጊዜ በልደቷ ቀን «ቀዝቃዛ ኬክ ነው የምፈልግ» ብላ አለቀሰች አሉ። የሺ ይኸን ሰምታ ነው ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየች አይስክሬም ኬክ የተማረች። ለዜማ ሠራች፤ የቀመሰ ሁሉ ለኔም ለኔም አለ፤ ፋብሪካውን ተወችና እንጀራዋ ሆነ።

ዘንድሮ ዜማ ዐሥራ ሁለት ሞላት። ማህሌት ደውላ «ኬኩን ይዘሽ ነይ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ቁጭ አድርገን እንነግራታለን» አለቻት። የሺ ስልኩን እንደያዘች ሱቄ መጥታ ቆመች።

«እታለም፣ እማዬ ትለኝ ይሆን?»

«ካላለችሽ ጆሮዋን ነው የምቆነጥጥልሽ!» አልሁ።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። ያን ሰሞን ሌላ ወሬ የላትም። ምን ልልበስ? ከየት ልጀምርላት? እኔ ጋ ታድር ይሆን? አዲስ አንሶላ ሁሉ ገዛች፣ የኔ ምስኪን።

በልደቱ ቀን እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። በረዶው መጣ፣ ጋቢው ተጠቀለለ። እሷ ኬኩን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ እኔ የባጃጁን ሹፌር «ቀስ በል! ጉድጓድ አለ!» እያልሁ ስጮህበት ማህሌት ቤት ደረስን።

ተዘፈነ፣ ሻማው ጠፋ፣ ኬኩ ተቆረሰ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ልደተኛዋ ለእናቷ ነው የምትሰጥ። ዜማ ማህሌትን አጎረሰች፤ ቀጥሎ ጌትነትን። የሺ በሩን ተደግፋ ታያለች።

«ለከርሞ ለኔ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ኩሽና ገብተን ሳህን ማጠብ ጀመርን።

ዜማ ተከትላን ገባች፤ በሩን ዘጋች። እኔን አየት አደረገችና ወደ የሺ ዞረች።

«የሺዬ፣ እንግዶቹ ሲሄዱ ልትነግሩኝ ነው አይደል?»

የሺ እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። «ምኑን?»

«አውቃለሁ እኮ። አምና የክፍሌ ልጅ ነገረችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማዬ ሰሞኑን ተደብቃ ታለቅሳለች፤ ምግብም አትበላ። ዜማ ካወቀች ትታኝ ትሄዳለች ብላ ፈርታ ነው። በሞቴ የሺዬ፣ እንዳትነግሩኝ። እንዳላወቅሁ ይሁን። ለኔ ስትይ።»

የሺ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት።

«እሺ» አለች። «እሺ፣ የኔ ዓለም። ሂጂ በይ፣ ጓደኞችሽ ይጠብቁሻል።»

ዜማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ ከዚያ ሮጣ ወጣች። የሺ ትንሽ ቆይታ ማህሌት ወደተቀመጠችበት ሄደችና በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ማህሌት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያለቻትን ኋላ ነው የሰማሁ፤ «ተይው፣ አይነገራት። ልጅሽ ናት» ነው ያለቻት።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አልቻልሁም፤ ፈነዳሁ።

«ምን ነካሽ? ይኸን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ ጠብቀሽ! ለአንድ ቃል! እንዴት እሺ ትያለሽ? እምቢ አይባልም?»

የሺ ባዶውን መጋገሪያ አቅፋ ወደ ሐይቁ በኩል ታያለች። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

«እታለም» አለች፣ «እናቷ መሆኔን አውቃ የለመነችኝ የመጀመሪያ ነገር ነው እኮ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?»