ቢስሚላህ ያለበት ደብዳቤ

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ኑርዬን እርሻው ላይ የሚያገኘው ሰው አልነበረም። በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው የመንደሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ «ኑርዬ ፓርላማ ገብቷል» እያለ ይስቅበት ነበር። እውነትም ገብቷል፤ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ስብሰባውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል። ልጁ ማህዲ በ2007ቱ ምርጫ የአካባቢው ተወካይ ሆኖ አዲስ አበባ ከሄደ ጀምሮ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፦ አፈ ጉባኤው የልጁን ስም ጠርቶ ዕድል ሲሰጠው፣ ልጁም ስለ አገሩ ሲናገር መስማት። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ማህዲ ግን አይናገርም። ደብዳቤ ይጽፋል እንጂ። ስልክ ለሰላምታ ነው፣ ጉዳይ በወረቀት ይሻላል ያለው ኑርዬ ራሱ ነው፤ የስልክ ወሬ ሁለቴ አይነበብማ። ደብዳቤውን የአውቶቡስ ሾፌሩ ሀሚዱ እስከ ሐይቅ ከተማ ያመጣዋል። ኑርዬ ሄዶ ይቀበልና ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ጎረቤቱ ወደ ወልዴ ይገሰግሳል፤ ፊደል አልቆጠረምና። ወልዴ በልጅነቱ ሐይቅ እስጢፋኖስ የቄስ ትምህርት ተምሮ፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረ ክርስቲያን ነው። ማህዲ ደብዳቤውን ሁሉ በቢስሚላህ ይጀምራል፤ ወልዴም በክር የታሰረ መነጽሩን አድርጎ ያችኑ ሳይዘል ያነባታል። ይህችን እንኳ እለፋት ሲሉት፣ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፣ የማነበው የተጻፈውን ነው ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ስለ ወንበሩ ነበሩ። ወንበሩ ይሽከረከራል፤ በእረፍት ሰዓት ሻይ አለ፤ ሲጨበጨብ ይጨበጨባል፤ እጅ አውጡ ሲባል የሁሉም እጅ አንድ ላይ ይወጣል። የሚቃወም አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦ ሲባልም የለም። ወልዴ እዚህ ሲደርስ ማንበቡን ትቶ በሳቅ ይፈርሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዱን እንኳ እጁን አያሳክከውም ወይ እያለ ኑርዬን ያበሽቀዋል።

በ2010 ለውጡ ሲመጣ ደብዳቤው ሞቅ አለ። ዝም ይሉ የነበሩት ሁሉ አፍ አውጥተዋል፣ አዳራሹ ሌላ ሆኗል፣ እኔም በሚቀጥለው ወር ጅምር ሆኖ ስለቀረው ጤና ጣቢያችን እጠይቃለሁ ብሎ ጻፈ። ወሩ መጥቶ አለፈ። ቀጥሎም ሌላ ወር። ወልዴ ተራ አልደረሰውም ይሆናል እያለ ያጽናናዋል፤ ኑርዬ ደግሞ ሦስት ዓመት የማይደርስ ተራ ምን ዓይነት ነው ብሎ ይቆጣል። ቢቆጣም እያንዳንዷን ደብዳቤ አጥፎ በፌስታል ጠቅልሎ ያስቀምጣታል። ልጁ በ2013 እንደገና ተመረጠ፤ ፌስታሉም ወፈረ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ሰው ሁሉ የመከረው አንድ ነገር ነው፦ የተመራጭ አባት ቤት መፈተሹ አይቀርም፣ ደብዳቤዎቹን አቃጥላቸው። ኑርዬ እምቢ አለ። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት እሳት ውስጥ አይገባም፤ ይህን የመንደሩ ክርስቲያን እንኳ ያውቃል። አይቃጠልም እንጂ ንጹሕ ቦታ ተቆፍሮ ይቀበራል፤ ሼሁም ይህንኑ ነገሩት። ኑርዬ መቆፈሪያውን ይዞ ጓሮ ወጣ፣ መሬቱን ጫር ጫር አደረገና ተመለሰ። የልጁ ቃል አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ታየው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቢስሚላህን ያነሳት ለሰበብ ነው፤ ሳስቶ ነው።

«ወዲህ አምጣው» አለ ወልዴ። «የእስላም ተመራጭ ደብዳቤ ክርስቲያን ቤት ማን ብሎ ይፈልጋል?» ወስዶም ሳጥኑ ውስጥ ከዳዊቱ ሥር አኖረው።

ታጣቂዎቹ ወልዴ ቤት የገቡት ደብዳቤ ፍለጋ አልነበረም፤ ዱቄት ነበር የሚፈልጉት። ሳጥኑን ሲገለብጡት ወረቀቱ ተበተነ። አንዱ አነሳና ቆሞ አነበበው። ይድረስ ለውድ አባቴ ይላል እንጂ የአባት ስም የለበትም፤ ሀሚዱ ከእጅ ወደ እጅ ለሚያደርሰው ደብዳቤ ስም ምን ያደርጋል? በዚያ አገር ከአንድ ቤት እስላምም ክርስቲያንም ይወጣልና ቢስሚላዋ አላጠራጠረቻቸውም፤ አባቱ አንተ ነህ ወይ ብለው ወልዴን ጠየቁት። ሚስቱ ስህን በሩ ሥር ቆማ ነበር። የኑርዬ ቤት ከዚያ በር ላይ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አዎ፣ ልጄ ነው» አለ ወልዴ።

ይዘውት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ወድቆ ተገኘ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተሸክሞ ቀበረው፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዘው ኑርዬ ነበር። ስህን መሬት ላይ የተረገጡትን ደብዳቤዎች ለቃቅማ፣ አቧራቸውን አራግፋ መለሰችለት። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር።

ታጣቂዎቹ ወጥተው ስልክ ሲመለስ ማህዲ ደውሎ አለቀሰ። ኑርዬ አታልቅስ፣ ተናገር አለው። ከዚያም የወልዴን ልጅ ሕይወትን አስቀምጦ በዕድሜው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አስጻፈ፤ ሁለት መስመር ናት። ጤና ጣቢያውን ተወው፤ እዚያ አዳራሽ ቆመህ ወልዴን በስሙ ጥራልኝ። ማህዲም እሺ አባ፣ እጠራዋለሁ ብሎ ቃል ገባ።

የካቲት ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ ስህን ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ መጥታ ከኑርዬ ጎን ሬዲዮኑ አጠገብ ተቀመጠች። አፈ ጉባኤው «የተከበሩ አቶ ማህዲ ኑርዬ» አለ። ስንት ዓመት የተጠበቀው መጣ፤ የራሱም ስም አብሮ ተጠራ። ማህዲ ለተሰጠው ዕድል አመሰገነ፤ በአካባቢው በርካታ ንጹሐን ዜጎች ሕይወታቸውን እንዳጡ፣ በመሠረተ ልማት ላይ ከፍተኛ ውድመት እንደደረሰ ተናገረ፤ ደግሞ አመሰገነና ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ሌላ ሰው ተጠራ።

«አለፈ እንዴ?» አለች ስህን። «እኔ ሳልሰማው ነው? ከለቅሶው ወዲህ ጆሮዬ እምቢ ብሎኛል።»

ኑርዬ ሬዲዮኑን ዘጋው።

«ብሎታል» አላት። «መጀመሪያ ላይ ነው። ወልዴ ብሎ በስሙ ጠራው።»

«እግዜር ይስጠው» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በሳምንቱ ሀሚዱ ደብዳቤ አመጣ። ኑርዬ ውስጡ ምን እንዳለ ገብቶታል፤ ማህዲ ወልዴን ለምን እንዳልጠራው ይነግረዋል፣ ይቅርታም ይለምነዋል። ስህን ከአጥሯ ላይ አየችውና፣ የወልዴን ነገር ጽፎ ይሆናል፣ ሕይወት ታንብብልህ፣ እኔም ልስማው አለችው። ሌላ ቀን ብሏት አለፈ። ቤቱ ገብቶ ፖስታውን ምድጃው ላይ እጁን እስኪለበልበው ያዘው። መልሶ አወጣው። ባይከፈትም ባይነበብም፣ አናቱ ላይ ምን ተጽፎ እንደሚጀምር ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ፖስታውን እንደታሸገ ብብቱ ሥር ይዞ፣ መቆፈሪያውን አንስቶ ጓሮ ወጣ። በጥቅምት ጫር ጫር አድርጎ የተዋትን ጉድጓድ እስከ ጉልበቱ አወረዳት።